20 እየተባለ ስለሚጻፈው የትንፋሽ ቁጥር

ክቡር አዘጋጅ፣

በውስጥ ደዌ ክፍል አዋቂ ሕሙማንን በመንከባከብ ዓመታት ያስቆጠርኩ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እኛ ነርሶች በርክክብ ሰዓት እርስ በርስ የምንተዛዘብበት፣ ወደ አደባባይ ግን የማናወጣው ጉዳይ ነው። እርሱም በታካሚው ቻርት ላይ ከልብ ምት፣ ከደም ግፊትና ከሙቀት ጎን የሚሰፍረው የትንፋሽ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይቆጠር የሚጻፍ መሆኑ ነው። አንዱ በሳንባ ምች፣ ሌላዋ በልብ ድካም፣ ሦስተኛው ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶበት የተኙ ሰዎች ቀንም ሌሊትም በደቂቃ 20 ጊዜ ተነፈሱ ተብሎ ሲመዘገብ፣ መዝገቡ የእኛን ችኮላ ይመሰክራል እንጂ የእነርሱን ሁኔታ አይነግረንም።

የዚህ ልማድ ምንጭ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ለደም ግፊት መሣሪያ አለ፤ ለሙቀትም አለ፤ የልብ ምትንና የደም ኦክስጅንን ደግሞ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው ትንሽ መለኪያ በአንድ ጊዜ ታሳያለች። ትንፋሽን ለመቁጠር የሚያስፈልገው ዓይን፣ ሰዓትና አንድ ሙሉ ደቂቃ ሲሆን፣ ሥራ በተደራረበበት ፈረቃ በመጀመሪያ የምትቀረው ያቺ ደቂቃ ናት። 20 የሚለው ቁጥር የሚመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። የጤናማ አዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ስለሆነ፣ 20 ተብሎ ሲጻፍ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር የለም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ትንፋሽ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ ምልክቶች ቀድሞ የሚናገር መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች ወይም ደሙ አሲድ ሲበዛበት አንጎል ትንፋሽን ያፈጥናል። የልብ ድካም ያለባት ሴት ሳንባዋ ውኃ ሲቋጥር ትንፋሿ ይበረክታል። ኢንሱሊን አጥቶ ደሙ ኪቶን በሚባል፣ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል በሚፈጠር አሲድ የተበከለ የስኳር ታካሚ በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍሰው የአሲዱን ጫና በትንፋሽ ለማቅለል ነው። ኢንፌክሽን ከአንድ ቦታ አልፎ መላ ሰውነቱን ያናወጠው ሰውም እንዲሁ ትንፋሹ ይፈጥናል። የደም ግፊትን ግን ሰውነት የደም ሥሮችን አጥብቦና የልብን ምት አፍጥኖ ለረጅም ሰዓት ደግፎ ሊያቆየው ስለሚችል፣ ግፊት እስኪወርድ ጠብቆ መደንገጥ ዘግይቶ መደንገጥ ነው።

ይህን የምለው ሌሎችን ለመክሰስ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁና። በአንድ የሌሊት ተረኝነቴ በሳንባ ምች የተኛ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሰው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ትንፋሹን 20 ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አልቆጠርኩም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ የምታስታምመው ሚስቱ መጥታ፣ «ሲስተር፣ አነጋገሩ ልክ አይደለም፤ ቃሉን እየቆራረጠ ነው» አለችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ከሆዱ በላይ አሳርፌ፣ ሰዓቴን እያየሁ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 34 ሆነ። የአንገቱ ጡንቻዎች በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይወጠሩ ነበር። የደም ግፊቱ 118 በ74፣ የልብ ምቱ 104፣ ሙቀቱ 38.2፣ የደም ኦክስጅኑ 92 በመቶ ነበር። አእምሮው ንቁ ነው፤ ስሙንም ያለበትንም ያውቃል።

የእንግሊዙ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ይሰጣል፤ ምልክቱ ከጤናማው ልክ በራቀ መጠን ነጥቡ ይጨምራል። በዚያ ስሌት የዚያን ሰው ትንፋሽ 20 ብለን ብንደምር ጠቅላላ ነጥቡ 4 ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ነርሷ በቅርብ እየተከታተለች በክፍሉ ውስጥ ይቆይ የሚባልበት ደረጃ ነው። ትክክለኛውን 34 ስናስገባ ግን 7 ይሆናል፤ 7 ደግሞ ሐኪም በአስቸኳይ እንዲጠራ የሚያዝ ነጥብ ነው። የቀሩት ምልክቶች አንዳቸውም አልተለወጡም። ሐኪሙ ተጠርቶ ኦክስጅን ተጀመረለት፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ተዛወረ፤ ከቀናት በኋላም ድኖ ወጣ። ትንፋሹ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ከልክ እንዳለፈ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ያን ሊነግረን ይችል የነበረው መዝገብ ላይ የሰፈረው የእኔ 20 ነበርና።

ኦክስጅን መለኪያዋ ትበቃለች የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። ሰውነት ትንፋሽን በማፍጠን ኦክስጅኑን ደግፎ ሊያቆየው ስለሚችል፣ መለኪያዋ ደህና ቁጥር እያሳየች ታካሚው ግን እየደከመ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም በላይ መሣሪያዋ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ልታሳይ እንደምትችል ታውቋል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ አስጠንቅቋል። እግረ መንገዴን ለተማሪ ነርሶች የማሳስበው፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክስጅን እጥረትን ከጥፍርና ከከንፈር ቀለም ብቻ ከመፈለግ ይልቅ ምላስንና የዐይን ሽፋንን የውስጥ ክፍል ማየት እንደሚሻል ነው። 

ያቺ አንድ ደቂቃ የምትሰጠው ቁጥር ብቻ አይደለም። ታካሚው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ፣ የልብ ምት እንደሚቆጥር ሰው አንጓውን ይዞ ደረቱን መመልከት የቆየ ዘዴ ነው። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ደግሞ የአንድ ትንፋሽ ስሕተትን አራት ያደርጋታል። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ነርሷ ታካሚው ዓረፍተ ነገሩን ሳያቋርጥ መጨረስ መቻሉን፣ ወደ ፊት አጎንብሶ መቀመጡን፣ ማላቡን፣ በስንት ትራስ ተደግፎ እንደተኛ ታያለች። ትናንት በአንድ ትራስ የተኛች የልብ ታካሚ ዛሬ ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት በሦስት ከሆነች፣ ቀጣዩ ጥያቄ የዛሬ ክብደቷ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ብዙውን ጊዜ ውኃ መቋጠርን ያመለክታልና። የነርስ ምርመራ የምንለው ይህንኑ አንዱ ሌላውን እየጠራ የሚሄድ መመልከት ነው። በጠዋት ተሞልቶ የሚያበቃ ቅጽ አድርገን ያስተማርነው እኛ ነን።

አስታማሚዎችንም ላመስግን እወዳለሁ። «ዛሬ እንደ ወትሮው አይደለም» የሚለው ቃል በብዙ ክፍሎች እንደ ጭንቀት ተቆጥሮ ይታለፋል። አዛውንቶች ግን ኢንፌክሽን ይዟቸው ሙቀት ላያሳዩ፣ የመጀመሪያው ምልክታቸውም ድንገተኛ መደናገር ሊሆን ይችላል። በጠቀስኩት ነጥብ አሰጣጥም አዲስ መደናገር ብቻውን 3 ነጥብ አለው። አንድ አዛውንት ትናንት ምን ያህል ንቁ እንደነበሩ ከልጃቸው የተሻለ የሚያውቅ ነርስ የለም።

የሆስፒታል ኃላፊዎችን የምለምነው የሥራችን ጥራት የሚመዘነው በተሞሉ የቻርት ሣጥኖች ብዛት እንዳይሆን ነው። ባዶ ሣጥን የሚያስቀጣ፣ የፈጠራ ቁጥር ግን የማያስጠይቅ ከሆነ፣ የምታገኙት የፈጠራ ቁጥር ነው። ባዶው ቢያንስ አልታወቀም ይላል፤ ተረካቢዋም ሄዳ ትቆጥራለች። የተፈጠረው 20 ግን ታይቷል፣ ደህና ነው ስለሚል እግሯን ያስርባታል። ለአንድ ነርስ የሚደርሰው የታካሚ ብዛት ደቂቃዋን የማይሰጣት ከሆነም፣ ያ እንዲታወቅ ባዶው መታየት አለበት።

እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሳልቆጥር አልጽፍም። ጊዜ ካጣሁ ሣጥኑን ባዶ እተወዋለሁ፤ በርክክብም የአልጋውን ቁጥር ጠርቼ «የእኚህን ትንፋሽ አልቆጠርኩም፤ መጀመሪያ እርሳቸውን እዪልኝ» እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ