በገጠር ፈረንሳይ ለምትኖሩ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣

ስለ መንደራችሁ አስተዳደር ለላካችሁልን ጥያቄዎች ይህን መልስ አዘጋጅተናል። እ.ኤ.አ. በ1789 በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የተመሠረተው ኮሚውን የተባለው ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን ዛሬ ቁጥሩ ወደ 35 ሺህ ይጠጋል፤ መቶ ነዋሪ የማይሞላው መንደር እንኳ የራሱ ምክር ቤትና ከንቲባ አለው። ነዋሪው በመደበኛነት ለ6 ዓመት የሚመርጠው ምክር ቤቱን ሲሆን፣ ከንቲባውን የሚመርጡት ተመራጮቹ ከመካከላቸው ነው። ከንቲባው የመንግሥትም ወኪል በመሆኑ ልደትና ሞት ይመዘግባል፣ ጋብቻ ያስፈጽማል። የቆሻሻ አሰባሰብ ግን አጎራባች ኮሚውኖች የመሠረቱት ኅብረት ኃላፊነት ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ቅሬታ ያላችሁ ወደዚያው አመልክቱ።

የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ዜግነት የሌለው ነዋሪ በዚህ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ለዓመታት ግብር እየከፈሉ ለኖሩ አባሎቻችን ይህ ቅር የሚያሰኝ እንደሆነ እንረዳለን። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ቢያንስ በየ3 ወሩ የሚያደርገው ስብሰባ ለማንኛውም ሰው ክፍት ስለሆነ፣ የመናገር መብት ባይኖራችሁም የመንገዱና የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ጥገና በጀት እንዴት እንደሚወሰን ተገኝታችሁ እንድታዳምጡ አጥብቀን እናሳስባለን። የትንንሽ መንደሮች ማዘጋጃ ቤት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚከፈት፣ በር ላይ የተለጠፈውን የሥራ ሰዓትና የስብሰባ ጥሪ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ጸሐፊዋንም ተዋወቋት፤ አብዛኛው ጉዳያችሁ የሚያልፈው በእርሷ እጅ ነው።