የታመመ ዓሣ የት ይመርመር?

ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኩሬ ለሚረባ ዓሣ የበሽታ ምርመራ አገልግሎት እንዲመቻች ስለመጠየቅ

በጣና አቅራቢያ በቆፈርሁት ኩሬ ቆሮሶ አረባለሁ። ባለፈው በጋ አንድ ማለዳ መኖ ይዤ ስወርድ ዓሦቹ እንደ ወትሮው ወደ ዳር አልመጡም። ሁለቱ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። አንዱን አንሥቼ አየሁት፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ቅርፊቱ ቆሟል፣ በክንፉ ሥር ደም ቋጥሯል። ሆዱን ስሰነጥቀው ቀይ ውሃ ፈሰሰ። ሳምንት ሳይሞላ ከኩሬው ግማሽ የሚበልጠውን ቀበርሁ።

ገና ነፍስ ያለውን አንዱን በበረዶ አድርጌ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድሁት። የተቀበለኝ ባለሙያ ቅን ሰው ነው። ዓሣ የሚመረምርበት መሣሪያም ሥልጠናም እንደሌለው ግን በግልጽ ነገረኝ።

ምልክቱ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለው ባክቴሪያ ከሚያመጣው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያው በሐይቅም በኩሬም ውሃ የሚገኝ ነው፤ ጤነኛ ዓሣ አብሮት ይኖራል። ዓሣው ሲጨናነቅ፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም መረብ ቆዳውን ሲልጠው ግን ይበረታበታል። ከሚጎዳባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው የሚያመነጨው መርዝ ነው። ኤሮላይሲን የሚሉት ይህ መርዝ ከባክቴሪያው ሲወጣ ገና አልነቃም። ጫፉ ሲቆረጥ ይነቃል፤ ከዚያ ሰባት ሰባት ሆኖ ይገጣጠምና የህዋሱን ሽፋን ይበሳል። ህዋሱም ይፈነዳል። ያ ያየሁት ቀይ ውሃ የዚህ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ከማለት አላልፍም፤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያም ዓሣን ያደማል፣ ሆድም ይነፋል። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ካልተለየ ዐይን ብቻውን አይፈርድም።

ግራ የገባው አርቢ ለከብት የተሠራ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ኩሬው ውስጥ ቢበትን አልፈርድበትም። ነገር ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድል እንኳ ዓሣው ውስጥ የተረጨውን መርዝ አያመክነውም። በግምት ሲሰጥ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያፈራል፤ ቅሪቱም ከዓሣው ጋር ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1987 ለምታረባቸው ዓሦች ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ትጠቀም ነበር። ዛሬ ምርቷ ብዙ እጥፍ አድጎ ሳለ የምትጠቀመው በአብዛኛው ዓመት አንድ ቶን እንኳ አይሞላም። ለዚህ ያበቃት በዋናነት ክትባት ነው፤ ክትባቱ የተሠራው ግን በሽታው ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው።

ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል እንዳለን አውቃለሁ። የሞተ ዓሣ ግን በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከጣና ሰበታ እስኪደርስ ለምርመራ አይሆንም። የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በየክልሉ ካሉት የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎች ቢያንስ በአንዱ ዓሣ የሚመረምር አንድ ባለሙያ ይሠልጥን፤ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ግብዓትም ይቅረብለት። ለአርቢዎች የዓሣ ጫጩት በሚከፋፈልበት ዕለትም ናሙና እንዴት እንደሚያዝና የት እንደሚደርስ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ይሰጥ።

ኩሬዬን አድርቄ ኖራ ነስንሼበታለሁ። አዲስ ጫጩት ከማስገባቴ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ዓሣ አርቢ