ሳትይዢ አትሰርዢ

ልጄ፣

የክፍል ኃላፊሽ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ወንድምሽን እንዳትቆጪው፤ እሱ ምንም አልተነፈሰም።

ከእንግዲህ የሚላክልሽን ስድብ ስክሪንሾት ሳታነሺ አትሰርዢ። ማየቱ እንደሚያንገሸግሽሽ አውቃለሁ። ግን ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው በፈለገ ጊዜ ከሁለታችሁም ስልክ ያጠፋዋል። «እኔ አልጻፍኩም» ቢልሽ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? ስታነሺ ደግሞ ስድቡ ብቻ አይበቃም። ስሙን ተጭነሽ ፕሮፋይሉን ክፈቺ፣ ዩዘርኔሙን ለብቻ አንሺ፤ ላይ የሚታየውን ስም ማንም በደቂቃ ይቀይረዋል። ቀንና ሰዓቱ ይታይ። ግሩፕ ውስጥ ከሆነ ከስድቡ በፊትና በኋላ የተጻፈውንም ያዢ፤ «ቀልድ ነበር» ሲሉ አፋቸውን የሚዘጋው እሱ ነው።

ያን ቀን ስታለቅሺ አይቼ ስልክሽን ነጠቅሁሽ። የተሰደብሽውም የተቀጣሽውም አንቺ ሆንሽ። ዳግም ያልነገርሽኝ ለዚህ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ አልነጥቅሽም።

መልስ አትስጪያቸው። አንዲት የንዴት ቃልሽን ቆርጠው «እሷ ናት የጀመረችው» ይላሉ። ዋትስአፕ ላይ ሪፖርት ስታደርጊ ከዚያ ሰው የመጡት የመጨረሻ 5 መልእክቶች ለድርጅቱ ይደርሳሉ፤ አብረሽ ብሎክ ካደረግሽ ግን ንግግሩ ካንቺ ስልክ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አሁንም እላለሁ፣ ሳትይዢ አትሰርዢ።

ያቺን የክፍልሽን ልጅ ኢንስታግራም ላይ ብሎክ ብታደርጊያት ትነቃለች፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ነገር ታመጣብሻለች። «ሪስትሪክት» አድርጊያት። ኮመንቷን አንቺ ካልፈቀድሽ ከራሷ በቀር ማንም አያየውም፣ መልእክቷን ማንበብሽንም አታውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የራቁት ፎቶ፣ ያንቺም ይሁን የሌላ ልጅ። እሱን ስክሪንሾት አታንሺ፣ ለእኔም ቢሆን አትላኪ። ሊንኩንና ዩዘርኔሙን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ወዲያው ደውይልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራው፣ ማለትም ከፎቶው የሚወጣ መለያ ኮድ ብቻ ይላካል፣ በአገልግሎቱ የተመዘገቡት ድርጅቶችም በዚያ አሻራ ፈልገው ያነሱታል። አብረን እንሞላዋለን።

ሐሙስ እመለሳለሁ። እስከዚያ ያነሳሻቸውን በየቀናቸው ለይተሽ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ፣ ለክፍል ኃላፊሽ አብረን እናሳያለን። ስልክሽን ማታ ሳሎን ቻርጅ አድርጊው። እራትሽን ደግሞ ብዪ፣ አልበላችም ብለውኛል።

እናትሽ