ስፒከር ከመቀየራችሁ በፊት

ውድ አዘጋጅ፣ ስለ ሙዚቃ ብዙ ትጽፋላችሁ፣ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ስለሚከፈትበት ፕሮግራም ግን ትንፍሽ አትሉም። እኔ ልጀምረው።

በቅርቡ አንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ፍላክ ነው» ብሎ ፍላሼን ሞላልኝ። ፍላክ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው። ቤት ገብቼ ስሰማው ሳክስፎኑ ታፍኗል፣ ጸናጽሉ ደግሞ ዘይት ላይ ውሃ እንደተረጨ ይንጫጫል። ለካ ፋይሉ እንዲያንስ ከድምፁ የሚቆርጠውን ኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ቀይረውት ነው! ፋይሉ ወፈረ እንጂ የጠፋው ድምፅ አልተመለሰም። እንዲህ ያለውን የትኛውም ማጫወቻ አያድነውም።

ፋይሉ ደህና ከሆነ ግን ምርጫዬ ፉባር2000 የሚባለው የዊንዶውስ ማጫወቻ ነው። ከ2002 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ መልኩ ግን የሒሳብ ክፍል ሠንጠረዥ ነው የሚመስለው። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ልኬት) ሲሆን፣ ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ ብዙ ጊዜ በ48,000 ያወጣዋል። ፉባር ላይ ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ የሚለውን ከመረጣችሁ ግን የድምፅ መውጫውን ለብቻው ይዞ ይህን የዊንዶውስ ቀላቃይ ዘሎ ያልፋል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው አልልም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙም አልለየውም። የወደድኩበት ምክንያት ዘፈን መሀል የመልእክት ጩኸት ስለማይገባ ነው። ልጄ ግን «ዩቲዩቡ ዝም አለ» ብላ አኩርፋ ነበር።

ጆሮዬ ላይ ለውጥ ያመጣው ፉባር ውስጥ ያለው ሪፕሌይጌይን የሚባል የድምፅ መጠን ማመጣጠኛ ነው። የድሮው ዘፈን ቀስ ብሎ፣ የአሁኑ ጮሆ ሲመጣ ድምፁን ያስተካክላል፣ እኔም ከሶፋዬ አልነሳም። የፉባር መልክ ካስጠላችሁ ሚዩዚክቢ የሚባል ሌላ ማጫወቻ አለላችሁ፣ እሱም ነፃ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ