በቅሎዋን የያዘው ሰውዬስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት መሪነት ጎጃም ውስጥ ጣልያንን ስለተዋጋው የጌዴዎን ኃይል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ እየጠፋ ነውና በርቱ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። አብሮ የወጣው ፎቶ ላይ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን በቅሎ ላይ ተቀምጧል። የበቅሎዋን ልጓም የያዘው ጋቢ የደረበ ባዶ እግሩን የቆመ ሰውዬ ነው። ከፎቶው ሥር የመኮንኑ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። የሰውዬው የለም።

ጽሑፉም እንደ ፎቶው ሆኖ አገኘሁት። ዊንጌት አሰበ፣ ዊንጌት አታለለ፣ ዊንጌት አሸነፈ።

ዊንጌት የሚናቅ አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ይዞት የመጣው ጦር 800 ያህል ሱዳናውያንና 800 ያህል ኢትዮጵያውያን፣ ከጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖች ጋር ነው። በዚህች ጦር በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጠላት ገጠመ። ሌሊት ሌሊት በትንንሽ ቡድን ተኩሶ ቦታ መቀየር፣ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መተኮስ፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ መምሰል ያውቅበታል። የጣልያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ ያስወጣው ጦር ስንት እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ የሚወጣ አይመስለኝም። (ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ገጥሞት ክፉኛ የተጎዳው 2ኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን ነው። እሱንም በአንድ መስመር አለፋችሁት።)

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጣልያን የዊንጌትን ጦር ቁጥር አያውቅም። ዊንጌት ግን የጣልያንን ያውቃል። ማን ነገረው?

ነገሩ ከዊንጌት በፊት ነው የሚጀምረው። ሚሽን 101 የተባለው የእንግሊዝ የምስጢር ቡድን ከሱዳን ድንበር የተሻገረው ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል። መሪው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ቦታ እርሻ የነበረው፣ አገሩንና ሰዉን የሚያውቅ ሰው ነበር። ከቡድኑ ጋር ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ነበር ብትሉ፣ ሽምግልና። የጎጃም አርበኞች መሪዎቹ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ አይስማሙም ነበር። እነሱ ካልታረቁ መንገድ የለም፣ ስንቅ የለም፣ ወሬ የለም። ታረቁ።

የጎጃም ሰው ከተነሳ እኮ ቆይቷል። ከ1930 ዓ.ም. ወዲህ ጣልያን ጎጃም ውስጥ የሚያዘው በየምሽጉ ዙሪያ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዞቹ ጦርነት አልጀመሩም፤ ሲካሄድ የቆየ ጦርነት ውስጥ ነው የገቡት። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር በኦሜድላ በኩል ሲገቡ የሚቀበላቸው ሰው ተዘጋጅቶ ነበር።

የእናንተም ሙያ አለበት። ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የሚባል ጋዜጣ በአማርኛ ይታተም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። ማንበብ የማይችለው ሰው አንበሳውን አይቶ ወረቀቱን ይስም ነበር ይባላል።

አያቴ ስለ ዊንጌት ሰምታ አታውቅም። የምታስታውሰው ግመል ነው። ከሱዳን 15 ሺህ ያህል ግመል ጭነት ተሸክሞ መጥቶ፣ ብርዱንና ዳገቱን አልቻለምና ከሞላ ጎደል መንገድ ላይ አለቀ። «ጦሩ በየት እንዳለፈ ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል» ትል ነበር።

የእሷ ታላቅ ወንድም ቡሬ ላይ ለጣልያን በቅሎዎች ድርቆሽ ያቀርቡ ነበር። ቀላል ሥራ ይመስላል። ግን አስቡት። አንዲት በቅሎ በቀን ስንት ሸክም እንደምትጨርስ ገበሬ አይጠፋውም። ድርቆሹ በእጥፍ ሲታዘዝ አዲስ ጦር መጥቷል። ለሳምንት የሚሆነውን ባንዴ አምጣ ሲባል መንገድ ሊዘጋባቸው ነው ብለው ፈርተዋል። በቃ አታምጣ ከተባለ ደግሞ ሊወጡ ነው። ይህን ሄደው ለአንዲት ጠላ ሻጭ ይነግራሉ። እሷ ቤት አስካሪ የሚባለው የጣልያን ቅጥር ወታደር ሁሉ ስለሚጠጣ፣ በበኩሏ የሰማችውን ትጨምርበታለች። ከዚያ ወሬው ወደ ጫካ ይሄዳል።

ይህ የቤተሰብ ወሬ ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ማሳመር ያውቃል። እኔ ራሴ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው ብዬ አልምልም። ሰፈሩ ግን እስኪሞቱ ድረስ «ባንዳ» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የውስጥ አርበኛ ጣጣው ይሄ ነው። ሥራውን በደንብ ከሠራ ከባንዳ አይለይም። ጎረቤት ከለየው ጣልያንም ይለየዋል።

አንዳንዶቹ ስማቸው ቀርቷል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኛው ጥይትና መድኃኒት ሲያቀብሉ ተይዘው፣ ተገርፈው፣ አሲናራ የምትባል የጣልያን ደሴት ድረስ ተወስደው ታስረዋል። ተመልሰውም አላረፉም። እሳቸውን ስላወቅን ደስ ይለኛል። ግን ስማቸውን የምናውቀው ስለተያዙም ጭምር ነው። ያልተያዘውን ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ያንን ፎቶ እንደገና ስታወጡት የሰውዬው ስም ባይገኝ እንኳ «መንገድ መሪው፣ ስሙ ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። ሚያዝያ 27 ሲደርስም ለአንድ ሳምንት ገጻችሁን ለአንባቢ ክፈቱት። በየቤቱ እንዲህ የሚነገር አለ። ግማሹ ፈጠራ ይሆናል፤ እያጣራችሁ ማውጣት የእናንተ ፋንታ ነው።

ልጅ ሆኜ የአያቴን ወንድም ጠይቄያቸው ነበር። አርበኛ ሲመዘገብ ለምን አልሄዱም አልኳቸው። አልተቆጡም። «ማን ይመሰክርልኛል?» አሉኝ። «የምነግራት ሴትዮ ሞታለች። እሷ ለማን ትነግር እንደነበር ደግሞ አልጠየቅኋትም፤ አይጠየቅም ነበር።»

አንባቢያችሁ፣
ከቡሬ