የሳይንስ ክበብ፦ ጭስ ስናጠምድ የከረምንበት ዓመት

ጥቅምት ላይ ክበቡ ሲጀመር ልጆቹን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ከሰል ሲከሰል ጭሱ ወዴት ይሄዳል?» «ወደ ሰማይ!» አሉኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ያንን ጭስ መሬት ላይ ለማስቀረት ስንታገል ዓመቱ አለቀ።

ጥሬ ዕቃ አልቸገረንም። አባይ ማዶ ካሉት እንጨት ቤቶች ሰጋቱራ በማዳበሪያ ሞልተው ሰጡን፤ እንዲያውም ስለወሰድንላቸው አመሰገኑን። አንዱ ልጅ «ለምን በእምቦጭ አንሞክረውም?» ብሎ ነበር። የጣና ነገር ማንን አያንገበግብ! ግን እምቦጭ ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። እሱን ለማድረቅ ብቻ ሌላ ክበብ ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት አየር ሳያገኝ ሲግል አይነድም፤ ይፈራርሳል። ከሰሉ ይቀራል፣ ሌላው ተን ሆኖ ይወጣል። ተኑ ሲቀዘቅዝ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ይሆናል። ባዮ ኦይል የሚሉት ይህንን ነው። በፋብሪካ ደረቅና ደቃቅ እንጨት 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በቅጽበት ይግላል። ተኑም በ2 ሴኮንድ ውስጥ ተስቦ ይቀዘቅዛል። ያኔ እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ክብደት ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ቀስ ተብሎ ከጋለ ግን ከሰሉ ይበዛል፣ ፈሳሹ ያንሳል።

የእኛ ፋብሪካ የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። ክዳኑን በጭቃ መረግን። ከፍሪጅ ጠጋኝ የለመንነውን የመዳብ ቱቦ ሰካንበትና በባልዲ ውሃ ውስጥ አሳለፍነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ከዓይን እንባ በቀር ጠብ ያለ ነገር የለም። ጭሱ በየቀዳዳው ያመልጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጣና ነፋስ ተቀብሎ ወደ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይወስደዋል። መምህሯን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያዳነችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ጣሳውን ዞር ዞር ብላ አየችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ አረቄ ማውጣት ነው» አለች። በሳምንቱ እናቷ ራሳቸው መጡ። «መምህር፣ እሳቱን ምን አጣደፈው?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። ቱቦውን ቁልቁል አዘነበሉት። ባልዲው ውስጥ እጃቸውን ከተቱና ውሃው ሳይሞቅ መለወጥ እንዳለበት ነገሩን። እኔ ስለ ተን መቀዝቀዝ ሁለት ሳምንት አስተምሬያለሁ፤ እሳቸው በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። ያን ዕለት ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

«አረቄ» የሚለው ቃል ግን ጣጣ አመጣብኝ። ልጆቹ መቅመስ አማራቸው። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ዓይን የሚያጠፋና ሰው የሚገድል ሜታኖል አለ። ከጭሱ ጋር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ያ በተዘጋ ቤት ከሰል ያነደዱ ሰዎችን ሳይታወቃቸው የሚወስደው ጋዝ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሜዳ ላይ ነበር፣ እኔ በሌለሁበት እሳት አይለኮስም። ወላጆች፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ልሞክር ቢሉ እባካችሁ ከልክሉ።

ከግማሽ ኪሎ ሰጋቱራ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ፈሳሽ አገኘን። አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። መጀመሪያ ላይ በሰልፍ ሰዓት «ነዳጅ እናወጣለን» ብዬ ፎክሬ ነበር። ክር ነክረን ክብሪት ጫርንበት። ቱሽ አለ። የፋብሪካው ባዮ ኦይል እንኳ ከ15 እስከ 30 በመቶ ውሃ አለው፤ ሙቀቱ ከናፍጣ ግማሽ አይሞላም። በውስጡ ያለው ኦክስጅን ካልወጣለት ከናፍጣ ጋር አይዋሃድም። የእኛማ ይብሱን ውሃ ነው። «ቲቸር ነዳጁ ደረሰ?» የሚሉኝ እስካሁን አሉ።

እውነቱን ለመናገር ክበቡ የሞቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ነዳጅ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? አሲድ ሲነካው የሚቀላው ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት ቀላ። ቤኪንግ ሶዳ ስንጨምርበት አረፋ ደፈቀ። አሴቲክ አሲድ ነው፣ አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው። የብረት ምስማር ነክረን አሳደርን፤ በነጋታው ጠቁሮ ተገኘ። ይህን ሞተር ውስጥ ቢጨምሩት ምን እንደሚያደርግ ልጆቹ ራሳቸው ነገሩኝ። ሽታውን ደግሞ አንዷ ወዲያው አወቀችው። «የአያቴ የእርጎ ዕቃ!» አለች። ልክ ናት። ወይራ ሲታጠን ጭሱ ፌኖል የሚባሉ ኬሚካሎችን ዕቃው ላይ ይተዋል፤ እነሱ ጀርም ይከላከላሉ። ፌኖሎቹ የሚመጡት እንጨቱን ካጠነከረው ከሊግኒን ነው። ከሊግኒን የአይስክሬም ቫኒላ እንደሚሠራ ስነግራቸው ግን ያመነኝ የለም።

ከሥር የዘቀጠው ቅጥራን ከእጅ አልለቅ ብሎ አስቸግሮን ነበር። ሰንበት ተማሪ የሆነው አንዱ ልጅ «ኖኅ መርከቡን የለቀለቀበት አይደል?» አለ። ከእንጨት ይሁን ከመሬት የወጣ፣ እሱን አላውቅም አልኩት። ሐሳቡ ግን ሥራ ወለደ። ግንቦት ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ችካል አዘጋጀን። አንዱን ቅጥራን ቀባነው፣ አንዱን እንዲሁ ተውነው። ከአጥሩ ጥግ፣ ምስጥ ከሚበዛበት ቦታ ተክለናቸዋል። መስከረም ላይ ነቅለን እናያለን። ጥበቃውን ለማገዶ እንዳይወስዷቸው አደራ ብያቸዋለሁ።