ሩብ ኪሎ ለሚገዛውም ሰው ይታሰብ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ከተማ ንግድ ቢሮ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ

ጉዳዩ፦ አስቤዛቸውን በትንሽ በትንሹ የሚገዙ ቤተሰቦችን ይመለከታል

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ ግንበኛ ነው። ሥራ ሲኖር ይሠራል፣ ሲጠፋ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ቤት ይቀመጣል። የምንኖረው በኪራይ ነው። የቤት ኪራዩ፣ ታክሲው፣ መብራትና ውሃው ተከፍሎ ለወር አስቤዛ የሚተርፈን በደህናው ወር 11,000 ብር ነው። አምስት ሰው በዚህ ይበላል።

ኑሮ ተወደደ ብዬ ልነግራችሁ አይደለም የጻፍኩት። እሱን እናንተም ገበያ ስትወጡ ታዩታላችሁ። የጻፍኩት በአንድ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ያንኑ ጤፍና ያንኑ ዘይት፣ ገንዘብ ካለው ሰው አስወድዶ ነው የሚገዛው። ትንሽ ስለሚገዛ ብቻ። ይሄ ነገር በእናንተ እጅ ሊቃለል ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ከመስከረም ጀምሮ የገዛሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ከጤፍ ልጀምር። ሠርገኛ ጤፍ እህል በረንዳ በኩንታል ሲገዛ፣ ማስበጠሪያውና ማስፈጫው ተደምሮ 13,000 ብር ወጣ። የሚወጣውን ግርድ ቀንሼ ሳሰላው ኪሎው 133 ብር ሆነ። እኔ ግን ወሩን ሙሉ የምገዛው ከሰፈር ዱቄት ቤት፣ አምስት አምስት ኪሎ ነው። እዚያ ኪሎው 150 ብር ነው። 13,000 ብር በአንድ ቀን ከየት ላምጣ? የወሩ የምግብ ገንዘቤ ራሱ ያን አይሞላም።

ዘይትም እንደዚሁ ነው። ባለ አምስት ሊትሩን ጀሪካን የሚገዛ ሰው ሊትሩ 290 ብር ይደርሰዋል። እኔ ከሱቅ በሃይላንድ እያስቀዳሁ ግማሽ ሊትሩን በ180 ብር እገዛለሁ። ሊትሩ 360 ብር መጣ ማለት ነው።

ሽንኩርትን አንድ ቀን አመዘንኩት። ጎረቤቴ ኬክ እየጋገረች ስለምትሸጥ ትንሽ የኩሽና ሚዛን አላት። ከጉሊት በ40 ብር የገዛሁትን አንድ መደብ ይዤ ሄድኩና አስቀመጥነው። አራት መካከለኛ ሽንኩርትና አንድ ትንሽ ናት። 420 ግራም። ኪሎው 95 ብር ገደማ ነው። በዚያው ሳምንት የእሁድ ገበያ ላይ ኪሎው 70 ብር ነበር።

ጉሊት የምትቀመጠውን ሴት አልወቅስም። እሷም እንደኔው ናት። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ በጃንሜዳ በኩል አድርጎ ሃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ መንገዱ ርቋታል። ሌሊት ተነሥታ አንድ ጆንያ ታመጣለች። የሚበሰብሰው፣ የሚጎዳው፣ የታክሲና የተሸካሚው ሁሉ በዚያች መደብ ላይ ይጫናል። ማታ ከሥራ ስመለስ ሌላው ሁሉ ዘግቶ የማገኛት እሷን ነው። ሳንቲም ሲጎድለኝም «ነገ ታመጪዋለሽ» ትለኛለች።

ሦስቱን ብቻ ደመርኩ። በወር 25 ኪሎ ጤፍ፣ ሦስት ሊትር ዘይት፣ አሥር ኪሎ ሽንኩርት እንጨርሳለን። ጤፉ ስለማይበቃ ሩዝ እቀላቅልበታለሁ፣ እሱን አልቆጠርኩም። በትንሽ በትንሹ በመግዛቴ ብቻ በወር 885 ብር ጨምሬ እከፍላለሁ። ቤታችን በቀን አምስት ባለ 10 ብር ዳቦ ይበላል። 885 ብር የ17 ቀን ዳቦ ነው። ደብተሩን ዘግቼ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ስኳሩና ከሰሉ ገና አልተነኩም።

በዚህ አጋጣሚ የሚመሰገነውን ላመስግን። ሁለቱ ትልልቅ ልጆቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ቁርስና ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ። የትምህርት ቤት ምገባው ባይኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ጉልበት የሚኖረኝ አይመስለኝም። ቅዳሜና እሁድ፣ ከዚያም በክረምቱ እረፍት፣ ሁለት ልጅ ሙሉ ቀን ቤት ሲበላ ልዩነቱ በደንብ ይገባኛል። ዱቄቱ በሦስት ቀን ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ከተማው ሲያስብ መሥራት እንደሚችል አይቻለሁ፤ ይህን ለመጠየቅ የደፈርኩትም ለዚያ ነው።

የእሁድ ገበያም ጥሩ ሐሳብ ነው። ገበሬው ወይም ማህበሩ ያመጣውን ብዙ ደላላ ሳይነካው እናገኛለን። የሚከብደን ቀኑ ነው። ደመወዝ የሚወጣው በወሩ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው እሁድ ላይ ገንዘብ አለን፣ ሁለተኛው ላይ ቀጭን ነው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ባዶ እጃችንን ነን። ባለቤቴ ደግሞ የቀን ሥራ ከፍሎት የሚገባው ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማታ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን 400 ብር ይዞ ይመጣል። የዚያን ቀን ማታ ክፍት የሆነው ሰፈር ያለው ሱቅ ብቻ ነው። እሁድ ድረስ እናቆየው እንዳንል ልጆቹ ሐሙስም ይበላሉ።

ሸማች ማህበር አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። እኔም ሄጃለሁ። የማህበሩን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም ሠራተኛዋ በትህትና ነው ያናገረችኝ፣ የተሰጣትን መመሪያ ነው የነገረችኝ። ዘይት መጥቷል ሲባል ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መታወቂያሽ የሌላ ወረዳ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። አከራያችን ቤቱን ለልጁ ስለፈለገው ከዓመት በፊት ነው የለቀቅነው፣ መሸኛውም ገና አላለቀም። ዘይቱን ሳልገዛ የግማሽ ቀን ፈቃዴን ጨርሼ ተመለስኩ። በኪራይ የሚኖር ሰው በየጊዜው ይለቃል። ቅናሹን ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ቀድሞ የሚመለሰውም እሱ ነው። አሁን የፋይዳ መታወቂያ አለን። አንድ ሰው በወር አንድ ጊዜ ብቻ መግዛቱን በፋይዳ ቁጥሩ ማወቅ ከተቻለ፣ የትም ወረዳ ይኑር የትም፣ ከሚቀርበው ማህበር ቢገዛ ምን ችግር አለው?

ስለ ሚዛን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያችው የጎረቤቴ ሚዛን አንድ ኪሎ ተብሎ የተሸጠልኝን ስኳር መዘንኩት። 920 ግራም ሆነ። ይዤው ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባለሱቁ አልተቆጣም። በራሱ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው አንድ ኪሎ አለ። ምናልባት የእሱ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ምናልባትም የጎረቤቴ። ሁለታችንን የሚዳኝ ሦስተኛ ሚዛን ግን ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ተያይተን ተለያየን። ኩንታል የሚገዛ ሰው 80 ግራም ብትጎድለው አያውቃትም። ኪሎ ለሚገዛ ግን በየአሥራ ሁለት ኪሎ ተኩሉ አንድ ኪሎ ጠፋ ማለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ነገር ሞከርን። በግቢያችን አራት ቤት ነን። ሴቶቹ ተነጋግረን አንድ ኩንታል ጤፍ አንድ ላይ እንግዛ ተባባልን። እያንዳንዳችን 3,250 ብር ማዋጣት ነበረብን። ሁለታችን ሞላልን። አንዷ ከዕቁብ ተበድራ አመጣች። አንዷ ግማሹን ሰጥታ ቀሪውን በአሥራ አምስት ቀን እከፍላለሁ አለች፣ ሦስታችን ሞላንላት። የግቢው ወንዶች ከእህል በረንዳ በጋሪና በሚኒባስ አመጡት። ቅዳሜ ጠዋት ሸራ አንጥፈን አስበጠርነው። ሁለት ኪሎ ያህል ግርድ ወጣ። ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ገና ይሞቅ ነበር። ለእያንዳንዳችን 24 ኪሎ ተኩል እየመዘንን በየጆንያችን አስገባን። ትንሿ ልጄ እጇን ዱቄቱ ውስጥ ከትታ «ይሄ ሁሉ የኛ ነው?» አለች። ያን ሰሞን እንጀራው ላይ ሩዝ አልቀላቀልኩም። ባለቤቴ አንድም ቃል ሳይናገር ሁለት እንጀራ በላ።

ኅዳር ላይ መድገም አቃተን። የአንዷ ኪራይ ጨመረ። የሌላዋ ልጅ ታመመባት። እኔም ብሆን ባለቤቴ ለአሥር ቀን ሥራ ፈትቶ ነበር። አራት ደካማ ቤት ተደጋግፎ ለአንድ ወር ይቆማል፣ አንዱ ሲላላ ግን ሁሉም ይወድቃል። ዱቤውን የሚሸከም፣ ቋሚ ገንዘብ ያለው አካል ያስፈልገዋል። ሸማች ማህበር የተቋቋመው ለዚህ አይደለም እንዴ?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ሸማች ማህበራት ጤፍ በኩንታል ዋጋ፣ ግን በአምስትና በአሥር ኪሎ ይሽጡ። ማሸጊያውንና የሠራተኛውን ጨምሩበት፣ እንከፍላለን። በኪሎ የሁለትና የሦስት ብር ጭማሪ አሁን ከምንከፍለው የ17 ብር ጭማሪ ይሻላል። ዘይትም በአንድ ሊትር ይቅረብ። የቻለ ማህበር ቋሚ ሥራ ላለው ሰው በሁለት ጊዜ ክፍያ ይስጥ፤ ደመወዝ የሚያስገባልን ባንክ ነው፣ መንገዱ አይጠፋም። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ይክፈቱ። ሠራተኛ ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት የሚዘጋ ሱቅ ላይ አይደርስም። የእሁዱን ገበያ ደግሞ በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ጀምሮ፣ በጥቂት ክፍለ ከተማ ሞክሩት። በየገበያው መግቢያ ላይ የተመሰከረለት አንድ የሕዝብ ሚዛን አስቀምጡ። ተቆጣጣሪ ባይቆምበትም ግድ የለም። ሰው የገዛውን መዝኖ ማየት ከቻለ ነጋዴውም ይጠነቀቃል፣ ሐቀኛው ነጋዴም ከሐሜት ይድናል። ዋጋን በግልጽ መለጠፍ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ ነው። በሰፈር ሱቆችም ይከበር። ልጄን ዘይት ስልካት ስንት እንደሚያስከፍሏት ቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ደመወዝ የእናንተ ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአስቤዛው ተለይቶ ስለማይታይ አንድ ነገር ልበል። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል ደስ ብሎኛል፣ እህቴም አስተማሪ ናት። እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆንኩ ጭማሪው አልደረሰኝም። ለግል ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝም እስካሁን የለም። ገበያው ግን ማን ተጨመረለት ማን አልተጨመረለትም ብሎ አይለይም። ለሁላችንም አንድ ዋጋ ነው የሚጠራው። የዋጋ ግሽበት ቀነሰ የሚለውን ዜናም እሰማለሁ፣ ቁጥሩንም አልጠራጠርም። ትርጉሙ ግን ዋጋው መጨመሩ ዝግ አለ ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የወጣው የዘይት ዋጋ ወደ ድሮው አልተመለሰም። ደሞዜ እዚያው ቆሞ እየጠበቀው ነው።

የገና ጾም ገብቷል። አሁን በየቤቱ የሽሮ፣ የምስርና የዘይት ፍጆታ ይጨምራል፣ ሥጋና ወተት የሚበላው ቤትም ወደኛ ገበያ ይመጣል። ዋጋው የሚንቀሳቀሰው በዚህ ሰሞን ነው። ከጾሙ በኋላ የበዓሉ ግርግር ይከተላል። ከበዓሉ በፊት አንድ ማህበር እንኳ መርጣችሁ በአምስት ኪሎ ጤፍ ብትጀምሩ ውጤቱ በአንድ ወር ውስጥ ይታያል።

ደብተሬን ላሳያችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ቀኑ፣ ዕቃው፣ ኪሎውና ዋጋው ተጽፎበታል። የግቢዬ ሴቶችም የእነሱን ለመጻፍ ተስማምተዋል። ባለሙያ ብትልኩ ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ቤት ነን። ቡና እናፈላለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሦስት ልጆች እናት
አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.